ለልጁ እግር ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት ተረከዙን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የጅማ ወላጆች የልጃቸው ውስጥ እግር ሜዳ ሆኖ ያዩና ጠንካራ ጫማ ወይም ውድ የውስጥ ሶል ፍለጋ ይዞራሉ። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ በከንቱ ይወጣል።

ሕፃን ሲወለድ እግሩ ጠፍጣፋ ነው። ውስጥ እግሩን ስብ ሞልቶታል፤ አጥንቶቹን የሚያያይዙት ጅማቶችም ገና ልል ናቸው። ቅስቱ፣ ማለትም ውስጥ እግር መሐል ከመሬት ከፍ የሚለው ጎባጣ፣ እስከ 6 ዓመት፣ አንዳንዱ ልጅ ላይም እስከ 10 ዓመት ድረስ ቀስ እያለ ይወጣል። ሶል ይህን አያፋጥነውም፤ እግሩን የሚያመውን ልጅ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ቅስት አይሠራም።

ልጁን በባዶ እግሩ አቁሙትና ከኋላው ሆናችሁ በጣቶቹ ተንጠራርቶ እንዲቆም አድርጉ። ቅስቱ ብቅ ካለና ተረከዙ ወደ ውስጥ ዘንበል ካለ፣ ሕመምም ከሌለው፣ ተዉት። ተንጠራርቶም ሜዳ ከሆነ ግን ሁለት የእግር አጥንቶች ተጣብቀው ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልገዋል። ይህ ችግር በአብዛኛው በሕመም የሚገለጠው ከ8 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

የእግር ጡንቻ እንዲጠነክር ልጆች ቤት ውስጥ፣ ንጹሕ ወለል ላይ፣ በባዶ እግር ይሂዱ። ደጅ ግን ጫማ አይውለቅ፤ ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግር መርገጥ እግር ሊያሳብጥ ይችላል።

ችላ የተባለው የአዋቂዎቹ ሜዳ እግር ነው። በተለይ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ላይ፣ ክብደት ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የሚያልፈው ጅማት ይደክምና የነበረው ቅስት ይወርዳል። ግድግዳ ይዛችሁ በአንድ እግር ቁሙና ተረከዛችሁን አንሡ። ካቃታችሁ ወይም ካመማችሁ እንቅስቃሴ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ።

ጤነኛ ጅማት ያለው ሰው ባቱን ያፍታታ፦ ግድግዳ ገፍቶ፣ የኋላውን ጉልበት ቀጥ አድርጎ፣ ተረከዙን ሳያነሣ 30 ሰኮንድ፣ 3 ጊዜ። የእግሩ ጣቶች ወደ ፊት ይዩ፤ ወደ ውጭ ከዞሩ መሳቡ ባቱ ላይ መሆኑ ቀርቶ ቅስቱን ይጫነዋል። ከዚያ ተቀምጦ፣ ጣቶቹን ሳያጥፍ፣ የአውራ ጣቱን ሥር ወደ ተረከዙ ይሳብ፤ 5 ሰኮንድ ይዞ ይልቀቅ፣ 10 ጊዜ።

ጫማ ስትመርጡ እንደታጠበ ልብስ ጠምዝዙት፤ ከተጠመዘዘላችሁ መልሱት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች ሥር ብቻ ነው፤ የተረከዙም ጀርባ ሲጫኑት መጉበጥ የለበትም። ነጠላ ጫማ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው አይሆንም።

የስኳር ሕመምተኛ አንድ እግሩ ድንገት ቀልቶ፣ ሞቆና አብጦ ከታየ፣ ባያመውም እንኳ ሳይረግጠው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረስ። ወጌሻ እንዳያሸው። ነርቩ ስለደነዘዘ ሕመሙ አይሰማውም እንጂ ውስጡ አጥንቱ እየተሰበረ ሊሆን ይችላል።

አክባሪያችሁ
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከጅማ