የሕዋ ሳይንስ ክበብ፦ ጤፍ በአረፋ ያጠመድንበት ዓመት

የ2016 ዓ.ም. ሥራችን የተጀመረው በክርክር ነው። መስከረም 13 ኦሳይረስ ሬክስ የተባለው የናሳ መንኮራኩር ቤኑ ከተባለው አስትሮይድ ያመጣውን አፈር ዩታ በረሃ ላይ ማውረዱ በተሰማ ማግስት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ከጅራታም ኮከብስ ያመጣ አለ?» አለ። ግማሾቹ የለም አሉ። አለ፤ ያውም እነሱ ሳይወለዱ።

ስታርደስት ይባላል። ጥር 30 ቀን 1991 ተወነጨፈ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1996 ቪልት 2 ከተባለው ጅራታም ኮከብ በ240 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አለፈ። (ኮከቡን ያገኘው ፓውል ቪልት የስዊዘርላንድ ሰው ነው ብዬ ብናገር ብናገር፣ ልጆቹ እስከ ሰኔ «ዋይልድ» ከማለት አልተመለሱም።) መንኮራኩሩ አላረፈም፤ እያለፈ ብናኙን ለቀመ። ብናኙ የሚመጣው ግን በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ጠንካራ ነገር ቢያገኘው በኖ ይቀራል። ስለዚህ የተዘረጋለት ኤሮጄል ነበር፤ ከ99 ከመቶ በላይ አየር የሆነ የሲሊካ ስፖንጅ በሉት። ብናኙ እየሰረሰረ ገብቶ ካሮት የመሰለ ቀዳዳ ይተውና ጫፉ ላይ ይቆማል።

እኛ ኤሮጄል ስለሌለን የጢም መላጫ አረፋ ብርጭቆ ውስጥ ሞልተን፣ በእስክሪብቶ ቀፎ ጤፍ ተፋንበት። ካሮት የሚመስል ነገር አላየንም። ጤፉም ጠፋ! ሁለት ዓርብ ሙሉ በአጉሊ መነጽር ስንፈልግ ከረምን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነጭ ጤፍ በነጭ አረፋ። በሦስተኛው ዓርብ አንዷ ተማሪ ከቤቷ ቀይ ጤፍ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችና ተገላገልን።

በሁለተኛው መንፈቅ እንቁላል በፌስታል ፓራሹት ከሁለተኛ ፎቅ ለቀቅን። ከሰባቱ ሁለቱ ተረፉ። የአንደኛው ቡድን ፌስታል ላስቲኩ ሳይፈታ ስለቀረ አልተከፈተም። ልጆቹ ሲያለቅሱ ጀነሲስ የተባለውን መንኮራኩር ነገር ነገርኳቸው። ከፀሐይ የሚነፍሰውን ቅንጣት ይዞ ሲመለስ፣ ፓራሹቱን የሚያስከፍቱት መቆጣጠሪያዎች ተገልብጠው ተገጥመው ስለነበር ጳጉሜን 3 ቀን 1996፣ በሩፋኤል ዕለት፣ እዚያው ዩታ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ስታርደስት ያኔ መንገድ ላይ ነበር፤ የባለቤቶቹን ሐሳብ አስቡት። ጥር 7 ቀን 1998 ግን ካፕሱሉ በሰላም ወረደ።

የመጣው ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ሚሊ ግራም አይሞላም። በዚያች ቅንጣት ውስጥ ግን ኦሊቪን የመሳሰሉ በከፍተኛ ሙቀት የሚፈጠሩ ማዕድናት ተገኙ። ከኔፕቱን ማዶ ብርድ ውስጥ በተሠራ አካል እሳት ያየ ድንጋይ ምን ይሠራል? ፀሐይ አጠገብ ተፈጥሮ ወደ ዳር ተጉዟል ማለት ነው። በ2001 ደግሞ ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ) እንዳለበት ተረጋገጠ። የባዮሎጂ መምህራችን ለዚህ ሲሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ለቀቁልን።

ለከርሞ ልጆቹ ያቀረቡት ዕቅድ በረዶ ከሰፈር ካፌ ፍሪጅ እስከ ላብራቶሪ ሳይቀልጥ ማድረስ ነው። ከጅራታም ኮከብ በረዶውን እንደ በረዶነቱ ይዞ የተመለሰ እስካሁን የለም። የእንቁላሉን ሒሳብ ግን አስቀድሞ የሚያወራርድልን እንፈልጋለን።