ፈቃድ የጠየቀ ሰነፍ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ለገሃር አካባቢ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ሲመጣ፣ ሒሳብ እስኪዘጋ፣ ቢሮአችን እናመሻለን። ይሁን፣ ሥራ ነው። የሚያንገሸግሸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እንኳ የአለቃ ቴሌግራም ይጮኻል፦ «ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ እንዳገኘው!»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራንም በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ጫና ተሟጦ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል። እኛ ጋ ግን ፈቃድ የጠየቀ በዓይነ ቁራኛ ይታያል። (ደከመን ስንል ቡና ጠጡበት ይሉናል፤ ስንት ስኒ?)

አለቆች የፈቃድ ፕሮግራሙን ዓመቱ ሲጀምር ያውጡልን። መጀመሪያም ራሳቸው ፈቃድ ይውጡ፤ ያኔ እኛም ሳንሳቀቅ እንጠይቃለን።

አንድ አንባቢ፣ ከለገሃር