የሰምነር ቅጾች እንደገና ይታተሙ

ለአዘጋጁ፦

ይህን የምጽፈው የካናዳዊው የፍልስፍና መምህር የፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» የተሰኙት አምስት የእንግሊዝኛ ቅጾች ከገበያ ስለ መጥፋታቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 አዲስ አበባ ውስጥ የታተሙት ቅጾች የፈላስፎች አባባሎች ስብስብ የሆነውን አንጋረ ፈላስፋን፣ የፈላስፋውን የዘርዐ ያዕቆብንና የደቀ መዝሙሩን የወልደ ሕይወትን ሐተታዎች (የፍልስፍና ምርምሮች)፣ የጠቢቡን የስክንድስን ታሪክና አባባሎች፣ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ምሳሌያዊ ትምህርት የሚሰጠውን ፊሳልጎስንም ይዘዋል።

አንዳንድ አንባቢዎች «ፎቶኮፒው ይበቃል» ይላሉ። አልስማማም። እኔ ያለኝ የኮፒ ኮፒ ነው፤ የግርጌ ማስታወሻው ደብዝዞ አይነበብም። የጸሐፊው ማስረጃ የሚመረመረው ደግሞ እዚያ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የሐተታዎቹን ጽሑፍና የደራሲነታቸውን ክርክር የያዘው ሁለተኛው ቅጽ ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሐተታዎቹን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ነበር። ሰምነር ጽሑፉን መርምሮ ሐተታዎቹ የኢትዮጵያውያን ናቸው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ ዛሬ ያለ ተማሪ ግን መጽሐፉን ስለማያገኝ የሰማውን ይዞ ወገን ይለያል። መመርመርን በሚያስተምሩ ሐተታዎች ላይ ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ከመብቱ ባለቤቶች ጋር ተስማምቶ ሁለተኛውን ቅጽ በቅድሚያ፣ በጥቂት ቅጂም ቢሆን፣ ያሳትም። የቀሩት አራቱ በጥራት ስካን ተደርገው በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይነበቡ። ቅጾቹን ወደ አማርኛ የመተርጎሙ ሥራም ከዚያው ከሁለተኛው ቅጽ ይጀመር።

አንድ የፍልስፍና አንባቢ
አዲስ አበባ