አንተ ብዬ ስጽፍልህ

ልጄ፣

«ወንድ ነኝ» ካልከኝ ወዲህ ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። «እንዴት ነህ» ልበል ወይስ «እንዴት ነሽ»? አማርኛ መሸሸጊያ የለውም፤ ወይ «ና» ነው ወይ «ነይ»። «እርስዎ» እንዳልልህ ደግሞ ገና 16 ዓመትህ ነው፣ ያስቃል። እና በቃ አንተ ብያለሁ። ብሳሳት አትቀየመኝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት «አንቺ» ሲል የኖረ አፍ ባንድ ሌሊት አይገራም።

የመረጥከውን ስም ግን እዚህ አልጽፈውም። ወረቀት ሰው እጅ ይገባል፤ ሀዋሳ ደግሞ ወሬ በባጃጅ ነው የሚሄደው። በልቤ ይዤዋለሁ።

ስለ ኮዳህ ላውራህ። ጠዋት ሞልቼ የምሰጥህ ውሃ ማታ እንደሞላ ይመለሳል። «በዚህ ሙቀት ውሃ አትጠጪም እንዴ!» እያልኩ ስንቴ ጮኼብሃለሁ። ነርስ ነኝ እኮ! የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሁለቴ ሲይዝህ መድኃኒት ሰጠሁህ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለካ ትምህርት ቤት የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት መግባት እየከበደህ፣ የወንዶቹም ስለማይሞከር፣ ላለመሽናት ብለህ ነው ሳትጠጣ የምትውለው። የኑሮ ጥራት የሚሉትን ነገር ሥልጠና ላይ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ቤቴ ውስጥ፣ ኮዳ ላይ ተጽፎ አላነበብኩትም።

ማታ ተረኛ ስሆን በስልኬ አነባለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ይህን ነገር፣ ሲወለዱ የተባሉት ጾታ ውስጥ ከሚሰማው ጋር አለመግጠሙን፣ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ደግሞ ከ3 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው፣ እንዳንተ ያሉ 73 ትራንስጀንደር ልጆችን አይቷል፤ ቤተሰብ እንዳሉት የተቀበላቸው ናቸው። ድባቴያቸው ከእኩዮቻቸው አልበለጠም፣ ጭንቀታቸው ብቻ ትንሽ ከፍ ብሏል። እዚያ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ። እኛ አሜሪካ አይደለንም፣ ጥናቱም መቀበል ነው ያዳናቸው ብሎ አልደመደመም። አውቃለሁ። ግን ውጭውን ባልችል የቤቱ በእጄ ነው።

ጉርምስናን ስለሚያዘገየው መድኃኒት የጠየቅከኝን አሁን አልመልስልህም። እ.ኤ.አ. በ2024 እንግሊዝ አገር የወጣው ግምገማ ማስረጃው ደካማ ነው ብሏል፤ ግምገማውን የሚቃወሙ ሐኪሞችም አሉ። ብቻ ከኢንተርኔት ምንም ነገር ገዝተህ እንዳትውጥ፣ በሞቴ!

ያን እሁድ አሞራ ገደል አስታወስከው? አሣ የሚያቀርበው ልጅ «ላንተስ ምን ልጨምርልህ?» ሲልህ ፊትህ በራ። አየሁት። እኔ ግን «ሴት ናት» አልኩት። ማን ጠየቀኝ? ዳጣውን ገፋ አድርገህ ዝም አልክ። አጥንቱን ሳይቀር የምትግጥ ልጅ ግማሹን ትተህ ተነሳህ።

ለአባትህ አልነገርኩትም፤ ሳትፈቅድ አልነግረውም።

ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ነኝ። እንሂድና አሣችንን እንብላ። ልጁ ያለህን ይበልህ፣ እኔ ዝም እላለሁ።

እናትህ