«ደመና» ብዬ የጻፍሁበት ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለፈው ሳምንት የበረራ መዝገቤን ከሣጥኑ አውጥተሽ «አባዬ፣ እዚህ ላይ ‹ደመና› ብለህ የጻፍኸው ምንድን ነው? በጥር ወር ኦጋዴን ላይ ይህን ያህል ደመና ይኖራል እንዴ?» ስትዪኝ ጨዋታ አስለወጥሁሽ። የጂኦግራፊ መምህርት የወለደ ሰው ስለ አየር ጠባይ ሊዋሽ እንደማይችል ዘንግቼ ነበር። ፊት ለፊት ለመናገር ስላልደፈርሁ መልሱን በጽሑፍ አደርሰዋለሁ።

እኔ አበርረው የነበረው ካንቤራ የሚባል እንግሊዝ ሠራሽ ቦምብ ጣይ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አራት ብቻ ተገዝተው ደብረ ዘይት ገቡ። ሞተሩ የሚነሣው በባሩድ ስለ ነበር፣ መድፍ የተተኮሰ ያህል ጮኾ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ከመስታወቱ ሥር ፀሐይዋ እንደ ምጣድ ስለምታግል ገና ሳንነሣ ልብሳችን በላብ ይርሳል። ከሶማሊያ ጋር ስላደረግነው የኦጋዴን ጦርነት ሲወራ ስማቸው የሚነሣው ሚግ የሚባሉትን የሶማሊያ ተዋጊ ጄቶች አየር ላይ የጣሉት የኛ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት አብራሪዎች ናቸው፤ ይገባቸዋልም። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ለገሠ ተፈራ ተመትተው ከተማረኩ በኋላ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል። የእኛ ሥራ ግን ከጠላት አብራሪ ጋር የሚያገናኝ አልነበረም።

የቦምብ ጣይ አብራሪ የሚመታውን ነገር አያይም። ዒላማው ሲቃረብ ናቪጌተሩ፣ ማለትም አብሮኝ የሚበርረው መንገድ መሪ፣ ወንበሩን ትቶ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ባለው መስታወት በደረቱ ይተኛና «ግራ፣ ግራ… ጥቂት ቀኝ… ያዘው» እያለ ይመራኛል፤ እኔ ዓይኔን ከመሣሪያዎቹ ሳልነቅል ድምፁን እከተላለሁ። «ወረደ» ሲል አውሮፕላኑ ሸክሙ ስለ ቀለለው ከሥሬ ሽቅብ ይገፋኛል። ከዚያ ሁሉ ጦርነት በሰውነቴ ውስጥ የቀረው ያ ግፊት ነው።

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 በሙሉ ኃይሉ ገብቶ፣ በመስከረም 1970 ጅጅጋ ከተያዘች በኋላ፣ የካቲት 26 ቀን የካራማራ ድል እስኪገኝ ድረስ ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረም። «ደመና» የተጻፈው ከድሉ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። የስንቅና የጥይት መኪኖች ይጓዙበታል በተባለ መንገድ ላይ አቧራ ታየንና ጉዞውን አቃናሁ። «ያዘው» አለኝ፤ ያዝሁት። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ደግሜ ስጠራው «ግመሎች ናቸው» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም «ሴቶች አሉ» አለኝ።

አዞርሁት። ቦምቡን እንደ ተሸከምን መልሰን ልናሳርፈው ስንቃረብ፣ ከዞርን ጀምሮ አንድም ቃል ያልተናገረው ናቪጌተሩ ጓደኛዬ «ደመና ነበር» አለኝ። እኔም መዝገቡ ላይ እንደዚያው ጻፍሁ፤ እርሱም ፈረመ። አዛዣችን አነበበው፣ በመስኮት ወደ ጠራው ሰማይ አየት አደረገና ምንም ሳይል ፊርማውን አኖረ።

ይህን የምጽፍልሽ አባትሽን ጻድቅ እንድታደርጊው አይደለም። በዚያው መዝገብ «ግዳጅ ተፈጽሟል» የሚሉ 23 መስመሮች አሉ። በእነዚያም ቀናት አቧራ ነበር፤ ናቪጌተሩም «ወረደ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። መኪኖቹን ለይቶ ስላየ ነው ወይስ ከአቧራው በቀር የሚታይ ስላልነበረ? በሕይወት ሳለ ብዙ ጊዜ አብረን ተቀምጠን አውግተናል፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። መልሱን ፈርቼ እንደ ነበር አሁን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሽ «አባዬ ሰው ገድለሃል?» ስትዪኝ «ጦርነት ነበር» ብዬሽ ነበር። አዎን፣ ገድያለሁ፤ ማንን እንደ ሆነ ግን አላውቅም።

መዝገቡ ከእንግዲህ ያንቺ ነው። ያቺን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደርገሽ ለጓደኛዬ ልጅ ስጪልኝ፤ የአባቷ ፊርማ ከእኔ ፊርማ በታች፣ ከ«ደመና» ጎን ይገኛል።

አባትሽ