የብራያን ሜይ የጊታር ድምፅ ከቤት ዕቃም ይወጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከፒያሳ እስከ ብሔራዊ ትያትር ድረስ ኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ወጣት ብዙ ነው። አብዛኛው የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የኩዊንን ጊታር ተጫዋች የብራያን ሜይን ድምፅ ለማግኘት ውድ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ግድ ይመስለዋል። ግድ አይደለም። ሜይ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር እቤት መሥራት የጀመረው ጊታር አንገቱ የተጠረበው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ማሆጋኒ ነው። የትሬሞሎው (ክሩን አላልቶ ድምፁን የሚያወዛውዘው እጀታ) ስፕሪንጎች የሞተር ብስክሌት ቫልቭ ስፕሪንጎች ናቸው፤ የፍሬቶቹ ምልክቶችም ከእናቱ የልብስ ቁልፎች ተሠርተዋል። ታዲያ እኛ ዘንድ የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ድምፁ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ማወቅም ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ትልቁ ስህተት ዲስቶርሽን፣ ማለትም የድምፅ መሰንጠቅ፣ ማብዛት ነው። ሜይ ከጊታሩ ቀጥሎ የሚያስገባው ትሬብል ቡስተር የሚባል ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ የሚሰነጠቀው በቮክስ ኤሲ 30 አምፕሊፋየሩ (አምፑ) ውስጥ ነው። ቡስተሩ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ቀንሶ የቀረውን ያጎላል። ቤዙ ሳይቀነስ አምፑ ውስጥ ከገባ ኮርዱ ይጨማለቃል፣ አንዱ ክር ከሌላው አይለይም። ስለዚህ ቤዝ የሚቀነሰው ከመሰንጠቁ በፊት ነው፤ ካስፈለገ በኋላ በአምፑ ቁልፍ ይመለሳል። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ቡስተሩን ማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ ሊሠራው ይችላል። የድሮዎቹ ኦሲ 44 በተባለ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ነበር የሚሠሩት፤ ጀርማኒየም በሙቀት ስለሚዋዥቅ ለጀማሪ ቢሲ 547 ይሻላል። ከጊታሩ የሚመጣው ሽቦ በ4.7 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል ከትራንዚስተሩ ሦስት እግሮች (ቤዝ፣ ኤሚተር፣ ኮሌክተር) ቤዝ ወደሚባለው ይገባል፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚቀንሰው የዚህ ካፓሲተር ማነስ ነው። ከትራንዚስተሩ ቤዝ ወደ ፖዘቲቭ 390 ኪሎ ኦም፣ ወደ ግራውንድ 68 ኪሎ ኦም ይታሰራል። ኤሚተሩ ላይ 3.9 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን ወደ ግራውንድ ይወርዳሉ፤ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ እግር ወደ ኤሚተሩ ነው። በኮሌክተሩና በፖዘቲቩ መካከል የ10 ኪሎ ኦም ቮልዩም ሁለት ጫፎች ይገባሉ፤ ከመካከለኛው እግሩ በ10 ናኖፋራድ በኩል ድምፁ ይወጣል። ኃይሉ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው። ሥራው ሲያልቅ ኮሌክተሩን በቴስተር ለኩት፤ ወደ 7 ቮልት ግድም ማሳየት አለበት። 9 ካሳየ ትራንዚስተሩ አልሠራም፤ ብዙ ጊዜ እግሩ ተገልብጦ ነው። የቢሲ 547 ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ ሲዞር ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ሲሆን፣ በሱቅ በምትኩ የሚሰጠው 2ኤን 3904 ግን ከኤሚተር ይጀምራል። ሬዲዮ ጣቢያ ከሰማችሁ ከቤዝ ወደ ኮሌክተር 22 ፒኮፋራድ ጨምሩ። ቡስተሩ ሁልጊዜ ከጊታሩ ቀጥሎ የመጀመሪያው ይሁን፤ በፊቱ ሌላ ፔዳል ሲገባ ከፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው የጊታሩ ማግኔት) ጋር ያለው መሳሳብ ይጠፋና ድምፁ ይሻክራል።

መበየድ የማይፈልግ ሰው ባለ 7 ቁልፍ ኢኩዋላይዘር ፔዳል ካለው 100 እና 200 ኸርዝን እስከ ታች ያውርድ፣ 400ን በግማሽ፤ 1.6 እና 3.2 ኪሎ ኸርዝን ከፍ አድርጎ ሌቭሉን ይጨምር። ትንሿ የቤት አምፕ ላይ ጌይኑ (የመሰንጠቁ መጠን) ከ10 ከ4 ባይበልጥ፣ ሚዱ (መካከለኛው ድምፅ) 7 ቢሆን ይበቃል። የቀረው በጊታሩ ቮልዩም ነው፤ ለሶሎ 10፣ ለኮርድ 6፣ ለጠራ ድምፅ 3። ሜይ ድምፁን የሚያጠራው እዚያ ላይ ነው።

የሜይ ጊታር ፒክአፖች ደግሞ በሲሪስ (አንዱ ከሌላው ተቀጣጥሎ) የታሰሩ ናቸው፤ የእኛ ስትራቶካስተር መሰል ጊታሮች ግን በፓራለል (ጎን ለጎን) ስለሚያያዙ ድምፃቸው ይሳሳል። የብሪጁን (ክሩ ከታች የሚያርፍበት) እና የመካከለኛውን ፒክአፕ ሽቦዎች ከመምረጫው ንቀሉ። የብሪጁ ሙቅ ሽቦ በቀጥታ ወደ ቮልዩሙ መግቢያ ይሂድ፣ የብሪጁ ግራውንድ ከነበረበት ተነቅሎ ከመካከለኛው ሙቅ ሽቦ ጋር ይገናኝ፣ የመካከለኛው ግራውንድ ባለበት ይቆይ። ድምፁ ቀጭንና በአፍንጫ እንደሚዘፈን ከሆነ ፒክአፖቹ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነውና የአንዱን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ።

ሜይ በፕላስቲክ ፒክ ፈንታ የሚመታው በስድስት ፔንስ የእንግሊዝ ሳንቲም ነው። የሳንቲሙ ጠርዝ ጥርስ አለው፤ ክሩን ሲነካ ከእያንዳንዱ ኖታ ፊት ትንሽ ፍግፍግታ ይሰማል። ከኪሳችሁ ጠርዙ ጥርስ ያለው ሳንቲም ምረጡና በማግኔት ሞክሩት። ማግኔት ከሳበው ብረት ስላለበት ክር ቶሎ ይበላል። ሳንቲም ስለማይታጠፍ ላላ አድርጎ መያዝ ነው እንጂ እንደ ፒክ ከጨበጣችሁት ክር ትበጥሳላችሁ።

ብዙዎች ጊታሩን በሚክሰር በኩል በቀጥታ ሞንታርቦ ላይ ይሰኩታል፤ ከዚያ እንደ ንብ ይጮህባቸዋል። የጊታር አምፕ 12 ኢንች ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አያወጣም፣ ሞንታርቦ ግን ሁሉንም ያወጣዋል። የተሻለው አምፑ ስፒከር ፊት 5 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ፣ ከመሃሉ ፈንጠር አድርጎ ማይክ ማቆም ነው። ኧርዝ በሌለው አሮጌ ቤት ክሩን ስትነኩ እጃችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ወዲያው ንቀሉ፤ የኧርዝ እግር ግን ለጉምጉምታ መፍትሔ ብሎ መቁረጥ ሰው ይገድላል።

መብራት ለሚጠፋበት ማታም መላ አለ። የኩዊን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጆን ዲከን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተጣለ ዕቃ መሃል ያነሳውን የአምፕሊፋየር ሰሌዳ በትንሽ ስፒከር ሳጥን ከቶ በባትሪ አስነሳው፤ ሜይ እንደ ቫዮሊን የሚመስሉትን የጊታር ድምፆች ብዙ ጊዜ የቀዳው በእሱ ነው። ምናለሽ ተራ የሚገኝ አሮጌ የባትሪ ሬዲዮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ከሬዲዮው ቮልዩም የላይኛውን እግር ሽቦ ንቀሉና የቡስተራችሁን መውጫ በ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል እዚያ እሰሩ፤ የጃኩን መሸፈኛ ወደ ግራውንድ። መብራት ላይ የሚሰካ የቱቦ ሬዲዮ ግን እንዳትነኩ፤ ሻሲው ራሱ ኤሌክትሪክ ሊኖረው ይችላል።

በዚህ ድምፅ ሦስት ጊዜ ደራርቦ በስልክ መቅዳት ይቻላል። ትዝታ ቅኝት ላይ ሃርመኒ ስትጨምሩ በፈረንጅ ስኬል ሦስተኛ ኖታ አትቁጠሩ፤ ከቅኝቱ ስለሚወጣ ለጆሮ ይጎረብጣል። ከአምስቱ ኖታዎች አንዱን እየዘለላችሁ ውሰዱ፤ በዶ ላይ ሚ፣ በሬ ላይ ሶል፣ በሚ ላይ ላ፣ በሶል ላይ ዶ፣ በላ ላይ ሬ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ