ለእማዬ፣ ከፍልሰታ በፊት

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? በሐምሌ ጦሳ ላይ ጉሙ ሲተኛ ብርዱ እቤት ድረስ እንደሚገባ አውቃለሁ። ያንን ወፍራም ካልሲ አድርጊ። የግፊት ኪኒንሽንም "ዛሬ ደህና ነኝ" እያልሽ እንዳትዘይ።

የወንድሜ ትንሿ ልጅ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚወረወርበት ጣራ ስላጣች በረንዳ ወጥታ ወደ ላይ ወረወረችው። "ለአያቴ ንገሩልኝ" ብላለች። ትምህርቷም ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ላለመጀመር ነው። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው።

እሁድ ስትደውይ "ለፍልሰታ ነይ፣ አብረን እንጹም፣ ጸበሉም ይሻልሻል" አልሽኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩት።

እመጣለሁ። ሐምሌ 30 ጠዋት እነሳለሁ። ግን ከገና የተረፈ ነገር አለን።

ትዝ ይልሻል፣ ቡና ላቀርብ ስል እጄ ተንቀጥቅጦ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ሲንኳኳ? አየሽኝ። ምንም አላልሽም። ጓዳ ገብተሽ የጸበሉን ጀሪካን አወጣሽ። "ያ ነገር ተመለሰባት" ብለሽ ለእህቴ ስትነግሪያት ሰማሁ።

አልተመለሰም ነበር እማዬ። ጨዉ ነው። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ካለሽ ወዲህ የቤቱ ወጥ ሁሉ ያንቺ ሆኗል። እኔ የምውጠው ሊቲየም ደግሞ ራሱ የጨው ዘር ነው፣ እንደ አሞሌ ከመሬት የሚወጣ። ሰውነቴ ውስጥ ጨውና ውሃ ሲያንስ ኩላሊቴ ሊቲየሙን መልቀቅ ይቀንሳል። ይጠራቀማል። በዚያ ላይ ራሴን ሲያመኝ ያንቺን የጉልበት ኪኒን፣ ዳይክሎፌናኩን ሰጠሽኝ። እሱም ያንኑ ያደርጋል። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ዝም ብዬ ዋጥኩት። አዲስ አበባ ተመልሼ ደሜ ሲመረመር ሊቲየሙ 1.4 ሆነ። የእኔ ከ0.6 እስከ 0.8 ቢሆን ነው ደጉ። ከ1.5 ሲያልፍ ይመርዛል። ያ መንቀጥቀጥ የመድኃኒቱ ነበር።

እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ መዋል ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ይገባሻል። የነፍስ አባቴን አማክሬያለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ጸበሉንም አልጠላሁትም። አቡነ ጳውሎስ እንኳ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ስለዚህ ጠዋት እጠመቃለሁ፣ ውሃዬን እጠጣለሁ፣ ማታ ኪኒኔን እውጣለሁ። ሌሊት ግን ቤተ ክርስቲያን አልቆምም። እንቅልፍ ካጣሁ ይጀምረኛል። በ2014 በጦርነቱ ደሴ ተይዛ ስልክሽ የጠፋ ጊዜ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ምን እንደሆንኩ ወንድሜ ነግሮሻል።

የሚከብደኝ ሌላ ነው።

በ2008 ሃያ ዓመቴ ነበር። ስድስት ሌሊት አልተኛሁም። የወርቅ ጆሮ ጌጥሽን መንገድ ላይ ላገኘኋት ሴት ሰጠሁ። ሰዉ ቡዳ ነው አለሽ፣ መተት ነው አለሽ። ኪኒንና ጸበል አብሮ አይሄድም ያለሽም ነበር። ኪኒኔን ሽንት ቤት ደፋሽው። ሰባት ሳምንት ጸበል ቦታ እጄ በገመድ ታስሮ ከረምኩ።

ሌሊት ሰዉ ሁሉ ሲተኛ ቋጠሮውን በጥርስሽ ትፈቺልኝ ነበር። ገመዱ በጸበል ርሶ ስለሚጠብቅ በጣት አይፈታም። ትንፋሽሽ አንጓዬን ያሞቀዋል። ከዚያ ክንድሽ ላይ ታስተኚኛለሽ። አንቺ መሬት ላይ፣ በዚያ ብርድ። ጎህ ሲቀድ፣ ሰዉ ሳይነሳ፣ መልሰሽ ታስሪኛለሽ። አንቺው፣ በገዛ እጅሽ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቱን እንደምይዝ ግራ ገብቶኛል። የፈታሽውን ነው ወይስ ያሰርሽውን? ሰዓት የማላወልቀው የአንጓዬን ጠባሳ ለመሸፈን ነው፣ ታውቂያለሽ። አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ብቻሽን እንደነበርሽ አውቃለሁ። አባዬ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። ይህ ምን ይባላል ብሎ የነገረሽ ሰው አልነበረም። ሁሉንም አውቃለሁ። ግን ያመኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። "ያ ነገር" አትበይው። ባይፖላር ነው ስሙ። ያንቺን ግፊት ብለሽ ትጠሪው የለ? ስም ሳይኖረው ሲቀር እኔ ራሴ "ያ ነገር" የሆንኩ ይመስለኛል።

ደግሞ "እኔ ባልኖር ማን ያያታል?" ስትይ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እኔም የምፈራው እሱን ነው እማዬ። ያለ አንቺ እንዴት እንደሚሆን ማሰብ አልችልም። ግን ወንድሜ ምልክቶቹን ያውቃል፣ የቢሮ ጓደኛዬም ታውቃለች። ሁለት ሌሊት ካልተኛሁና ወሬዬ ከፈጠነ ሐኪሜ ጋ ይደውላሉ። አንቺም ስመጣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ቁጠሪልኝ። ያንን ካንቺ የተሻለ የሚችል የለም።

ኪኒኖቼን ያንቺ ጣሳ ውስጥ አትቀላቅያቸው። ካንቺ የግፊት ኪኒኖች አንዱ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው፣ ከሊቲየም ጋር አይስማማም። ሽሮውንም ስትሠሪ ጨው ከመግባቱ በፊት ያንቺን በትንሿ ድስት ቀንሺ። የእኔን እኔ ጨው አደርግበታለሁ።

የመጨረሻው የጓሮው ነገር ነው። ገና ላይ ነጠላዬን አጥቤ ላሰጣ ስወጣ የልብስ ማስጫውን ገመድ አወቅሁት። ያው ሰማያዊው ነው። ጫፉ አሁንም በጥርስሽ እንደተበላ ነው። ነጠላውን መልሼ ይዤ ገባሁና ወንበር ላይ ዘረጋሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልነገርኩሽም።

ከመርካቶ የልብስ ማስጫ ሽቦ ገዝቻለሁ፣ 10 ሜትር። ስደርስ እኔ እወጥረዋለሁ። ገመዱን ግን ከመምጣቴ በፊት አንቺው ፍቺው።

ልጅሽ